ጳጉሜ ስድስት

ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ ሲከፈት ሐይቁን የምታሳይ
አንዲት ክፍል አለች፤ «ልደትና ሞት» ተጽፎ በበሯ፣
«ጋብቻና ፍቺ» በእስክሪብቶ ከሥሯ።
ለዚያች ክፍል ነው ሦስት ወር የሠራሁት
ያንን ጥቁር ስክሪን፣ ሥዕል የሌለበት፤
ነጭ ጠቋሚ ብቻ ብልጭ ድርግም እያለ
«ቀን / ወር / ዓመት ያስገቡ» የሚል፣ ካልነገሩት የማያልፍ ስለማለ።

የሰው ጣት ምን እንደሚጽፍ ማን ያውቃል?
«ሰኞ» ብሎ ይጽፋል፤
«ትናንት» ብሎ ይጽፋል፤
ከጥቅምት ላይ ሠላሳ ሁለትን ይጠይቃል፤
ዓመቱን ከፊት፣ ቀኑን ከኋላ፣ መሐሉን በነጥብ ይለያል፤
አንዳንዱም ዝም ብሎ ኢንተር ይመታል።

ሁሉንም አጠርኩ። እንደ በር ዘበኛ
ፈታሽ አቆምኩ፤ የማይበላ፣ የማይተኛ።
ቁጥር ነው? ፊደል ነው? ወሩ ከአሥራ ሦስት አለፈ?
ቀኑስ ከሠላሳ ተረፈ?
ጳጉሜ ላይ ስትደርስ ግን ቆም በል አልኩት፣ ጳጉሜ አምስት ነው፤
ዓመቱን ለአራት አካፍል፣ ሦስት ከተረፈህ ሉቃስ ነው፤
ያኔ ብቻ ስድስተኛዋን ፍቀድ፤
ሌላውን «ስህተት! እንደገና!» ብለህ ስደድ።

«ይኼ ነገርህ ይቆጣል እንዴ?» አለች ወይዘሮ አመለወርቅ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።
ማሽን ነው፣ ፊት አያይም አልኳት።
«እሱማ አያይም» አለች። «አንተ ግን ታያለህ።»

የዚያኑ ዕለት አቶ ላንቃሞ ሁሪሶ መጡ፣
ለሰባ ምናምን ዓመታቸው ወረቀት ሊያወጡ።
መቼ ተወለዱ? «በቃዋዶ» አሉ፣ ሳያመነቱ፤
«በቆሎው እሸት ሳለ፣ ገበያተኛው ሲበተን፣ ሲመሻሽ ሰዓቱ።»
ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ፤
የእሳቸው ሳምንት በአራት ቀን ይዞራል ለካ።
ጠቋሚው ብልጭ፣ ድርግም። ከኋላ ሰልፉ አጉረመረመ።
አመለወርቅ 1/1 ብላ መታች፤ ፈታሼ አልተቃወመ።
እውነቱ በር ላይ ቀረ፣
ቅርጹን ያሳመረው ውሸት ግን ገብቶ አደረ።

ማታ ቤቴ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣
እስቲ ልሞክረው ብዬ የራሴን ልደት ጻፍኩለት፦
6/13/1988
ስህተት! እንደገና!
ሳቅሁ። ጣቴ ነው ብዬ ደገምኩ።
ስህተት! እንደገና!
በወረቀት አካፈልኩት፤ ለአራት ሲካፈል ምንም አይተርፈውም።
ዮሐንስ ነው። ጳጉሜው አምስት ነው።
ይህን ሁሉ ዘመን
በሌለ ቀን ተወልጄ ደሞዝ ስቀበል ነበር።

ይርጋለም ደወልኩ። «ስድስት ነው» አለች እናቴ፣
«ምኑ ይጠፋኛል? ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምጥ፤
ሲነጋ ልጃገረዶቹ አደይ ይዘው ደጅ ላይ ሲዘፍኑ፣
አባትህ ወጥቶ ‹ቀስ በሉ፣ ገና መተኛቷ ነው› ሲል።»
ወረቀቱስ?
«እሱንማ የጻፈው ከበዓሉ በኋላ ነው፤
ቀኑን እኔን ጠየቀኝ፣
ዓመቱን ከግድግዳው ቀዳ።»

በአንድ ስልክ አንድ ዓመት አረጀሁ።
የጠየቃት ጸሐፊ ቀኑን አልሳተም፣ እሷም አልዋሸችም፤
ሁለት እውነት በአንድ መስመር ተቀምጠው ነው ያልተስማሙት።

ሲነጋጋ «ስህተት!» የሚለውን አጠፋሁ። እንዲህ አልኩ፦
«ይህ ቀን በዚህ ዓመት የለም። እባክዎ ዓመቱንም ይዩት።»
ከሥሩም አንድ ባዶ መስመር ጨመርኩ፣ ማንም የማይፈትሸው፣
«ባለጉዳዩ እንደተናገሩት» የሚል።
አመለወርቅ የአቶ ላንቃሞን መዝገብ ከፍታ፣ በሁለት ጣቷ፣ ቀስ እያለች፣
ቃዋዶ፣ እሸት፣ ሲመሻሽ
ብላ መታችበት።

የእኔን መታወቂያ ገና አላሳረምኩም።
ማሳረሚያው እዚያው ክፍል ነው፣ ሰልፉ እስከ ደረጃው ይደርሳል፤
ቁጥሬ መቶ አሥራ ሦስት ነው፤
ሰባ ላይ ሲደርሱ ለምሳ ዘጉ።